የዕለት መርዶ

መርዶ አንድ ጊዜ ነው የሚነገረው። ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከግራ ከቀኝ የሚደግፍ ዘመድ ተቀምጦ መርዶው ይረዳል፤ ከዚያ ይለቀሳል፣ ቀኑ ይቆጠራል፣ ሐዘንተኛውም ቀስ እያለ ሐዘኑን ይለምደዋል። ሐዘን ክፉ ነው፤ ግን ይለመዳል። ባይለመድማ ማን ከአፈር ተመልሶ እህል ይቀምስ ነበር? እንግዲህ ያ ሐዘን የማይለመድ ቢሆንስ? አንድ አባት የአንዲት ልጁን ሞት አራት መቶ ጊዜ፣ አራት መቶውንም ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰማስ? ይህ ነገር ባሌ፣ ሮቤ ከተማ ላይ ሆኗል። የሆነውም በጠላት ተንኮል አይደለም፤ ባሏን ከነፍሷ አብልጣ በምትወድ በአንዲት ሴት አፍ ነው።

ሴትየዋ ጁሀራ ትባላለች። ባሏ ሻፊ ከሮቤ ገበያ ዳር ባለች አንድ በር ሱቅ ልብስ የሚሰፋ፣ የሰው ቁመት በዓይኑ ለክቶ ሱሪ የሚቆርጥ፣ ነገረኛ ሲመጣበት ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ዝም የሚል ሰው ነበር። ሦስት እርግዝና ከወረደባቸው በኋላ አላህ አንዲት ሴት ልጅ ሰጣቸው፤ ፈርዶሳ አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻፊ ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ሃደ ፈርዶሳ» ይላታል፣ በኦሮምኛው የፈርዶሳ እናት ማለቱ ነው። ልጅቷ አድጋ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ፣ ራሱ ከስምንተኛ ያላለፈው አባት የባዮሎጂ መጽሐፏን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጥያቄ ይጠይቃታል። መልሱን አያውቀውም። ልክ መሆኗን የሚያውቀው ፈጥና ስትመልስ ነው፤ ካመነታች «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» ይላታል፣ እውነትም ተሳስታ ትገኛለች። እናትየው ይህን እያየች በሳቅ ትሞት ነበር።

የሐምሌ መግቢያ ነው። የባሌን ክረምት ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም ከተማውን ውጦት፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፈርዶሳ ከሁለት ቀን በኋላ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ትገባለች፤ ጣቶቿ ደርቀው እስክሪብቶ መያዝ አቅቷታል። ጁሀራ ከሰሉን ደጅ አቀጣጠለች። ሌላ ጊዜ ፍሙ እስኪቀላ፣ ሰማያዊው ነበልባል እስኪጠፋ ትጠብቃለች፤ መስኮቱንም አንድ ስንዝር ሳትከፍት ምድጃ አታስገባም። የዚያን ቀን ግን ዝናቡ ሊያጠፋባት ሆነ። አንስታ አስገባችው። በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈነችው። «በሩን እንዳትከፍቱ፣ ሙቀቱ ይወጣባችኋል» ብላ ከውጭ ሳበችውና፣ ለልጅቷ የሚሆን ሹራብ ልትገዛ ወደ ገበያ ወረደች። ስምንት ሰዓት ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ ፈርዶሳ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች፤ ሻፊም መጽሐፉን ጭኑ ላይ እንደዘረጋ ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱ ወድቋል። ያ ረቢ... የተኙ መስለዋት ቀስ ብላ ነበር የገባችው።

ልጅቷ በማግስቱ ተቀበረች። አባቷ ጎባ ሆስፒታል አስራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ሰንብቶ ዓይኑን ገለጠ። ታላቅ እህቱ ኡሙሰልማ፣ ከነሱ ጋር አንድ ግቢ የምትኖረው፣ ከአልጋው አጠገብ ወድቃ ሱጁድ አደረገች። ሚስቱን አወቀ፣ እህቱን አወቀ፣ ከቁርኣን የሚያውቀውንም ሱራ ሳይሳሳት ቀራ። «ፈርዶሳስ?» ሲል ግን ሁሉም እንደ ተማከረ «ቤት ናት» አሉት። ሕመምተኛ አይረዳም፤ መርዶ በቤቱ፣ በወጉ ነው። ስለዚህ ሮቤ በገባ በማግስቱ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ማሜ አራት ሰው አስከትለው መጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሻፊ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ያገሩን ወግ ያውቃል፤ በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ያውቃል። «ማን ነው?» አለ። ፈርዶሳ ናት፣ የከሰሉ አየር ነው ብለው ነገሩት። አላለቀሰም መጀመሪያ፤ እንደሚሰፋ ሰው እግሩ ወለሉን መታ፣ መታ፣ ከዚያ ጮኸ። ያን ቀን በግቢው ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሻፊ ከአልጋው ተነስቶ ፊቱን ታጠበና፣ «ፈርዶሳ ተነሳች? ፈተናዋ ደርሷል እኮ፣ ለምን ታስተኟታላችሁ?» አለ።

ኡሙሰልማ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች። ሐጂ ማሜ ተጠሩ። ሽማግሌው አሰብ አሰብ አድርገው፣ መርዶው በወጉ አልተነገረም፣ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ሴቶቹ ደጅ ላይ አልቅሰው ስለነበር ልቡ ተደናግጦ አልያዘውም አሉ። እንደገና በወጉ ተረዳ። ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ተኛ፣ ነቃ፤ «ፈርዶሳ ተነሳች?» ሦስተኛ ጊዜ ከጊኒር አጎቱ ጭምር ተጠርተው መጥተው ተረዳ። ደጋግመው ቢነግሩት የሚያዝለት መስሏቸው ነበር! ቅንነታቸውን አላህ ይየው፤ የሚያደርጉትን ግን አላወቁም። በዚያ በሦስተኛው ጠዋት ሻፊ እንባውን ጠርጎ፣ «ከሰሉን ማን አስገባው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ» አለች ጁሀራ። «በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሻፊ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ራሷ ላይ አኖረና፣ «አፉ ብዬሻለሁ። ለልጅሽ ብለሽ ነው። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» አላት።

ከዚያች ሰዓት በፊት ጁሀራ ውሃ እንኳ በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏት ነበር። ያን ዕለት በላች። ሌሊቱን ተኛች። በነጋው ግን ያ ይቅር ያላት ሰው የለም፤ ምንም የማያውቅ፣ ምንም ያላለ ባል «ፈርዶሳ ተነሳች?» ይላታል። ኡሙሰልማ «በቃ፣ እንተወው። ትምህርት ቤት ናት እንበለው» ስትል፣ ጁሀራ በቁጣ እምቢ አለች። «አባት ለሞተች ልጁ ዱዓ ማድረግ አለበት። ይህን ልንነፍገው ነው?» አለች። እውነት ነበር፤ ሻፊ በተረዳ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ለልጁ ጀነትን ይለምን ነበር። ግን እውነቱ ያ ብቻ ነበር? ከዱዓው በኋላ የምትመጣዋን፣ ያቺን «አፉ ብዬሻለሁ» የምትለዋን ቃል እንደ ሱሰኛ እንደምትጠብቅ ጁሀራ ለራሷም አልነገረችም። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ማንም አይደርስበትም።

እንዲህ ሆነ ኑሮዋ። ጠዋት ሻይ ይዛለት ትገባለች፣ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ታረዳዋለች። ያብዳል፣ ይጠይቃታል፣ ትናዘዛለች፣ ይቅር ይላታል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኑ ላይ ያለው እንባ ከየት እንደመጣ ጠፍቶት በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ምሳዋን ትሠራለች። ክረምቱ አለፈ፣ ስንዴው ታጨደ፣ ሌላ ክረምት መጣ።

ከዕለታት አንድ ቀን ኡሙሰልማ ለወንድሟ አዲስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ገዝታ አመጣች። በእግሩ እየረገጠ የኖረ ሰው ነውና መጀመሪያ ጨርቁን ቀዳደደው። በየቀኑ ፊቱ ስታስቀምጥለት «ይህን መኪና አላውቀውም፣ የማን ነው?» ይላል፤ በየቀኑ ግን ስፌቱ ይጠራል። በወሩ የሙሽራ ልብስ ሰፋበት። «መኪናውን አላውቀውም» እያለ ነው የሚሰፋበት። ሴቶቹ ተቃቅፈው በደስታ አለቀሱ። ሰውየው ለካ ይማራል! ጁሀራ የዚያን ጊዜ ቆም ብላ ራሷን መጠየቅ ነበረባት፤ እጁ ሳያውቅ ይህን ከተማረ፣ ሌላው ገላው ሳያውቅ ምን ተምሮ ይሆን? አልጠየቀችም። ማን ይጠይቃል?

መልሱ ግን ሳትጠይቅ መጣ። ኮቴዋን ሲሰማ ሻፊ ትከሻውን መሰብሰብ ጀመረ። ከጎኑ ስትቀመጥ ወደ ግድግዳው ሸሸት ይላል። እህቱ ስትገባ ይፈታል፣ ጎረቤት ሲመጣ ይጫወታል፤ እሷን ሲያይ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጁሀራ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ፣ ለእህቱ እንዲህ ሲላት ሰማችው።

«እቴ፣ ሚስቴ መልካም ሴት ናት። ክፉ አድርጋብኝ አታውቅም። ግን ስትገባ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። እፈራታለሁ። የደበቃችሁኝ ነገር አለ? አድርጋብኛለች ወይ አንድ ነገር?»

ጁሀራ እርጥቡን ልብስ ደረቷ ላይ አጥብቃ እዚያው ቁጭ አለች። ሃያ ዓመት ካንድ ትሪ የበላ ባሏ... በልቡ ይቅር አላለኝም፣ ምላሱ እንጂ ልቡ አልማረኝም ብላ አሰበች። በማግስቱ ሦስቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ጎባ ወረዱ።

ዶክተር ሮቤራ ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ። የሻፊን የእጁን የደም ሥር ትርታ በጣቶቹ እንደያዘ፣ መጀመሪያ ነርሷን፣ ቀጥሎ ኡሙሰልማን፣ በመጨረሻ ጁሀራን በየተራ አስገባ። ጁሀራ ስትገባ ሻፊ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ምን ሆኑ?» አለው ሐኪሙ።

«እኔ እንጃ» አለ ሻፊ አፍሮ። «ሳላስበው ገፋሁት።»

ዶክተሩ ሻፊን ከእህቱ ጋር ወደ ውጭ ላከና ለጁሀራ ወንበር ሳበላት። «ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ፣ በዚህም በዚያም፣ ትንሽ ጣት የምታክል ነገር አለች» አላት። «የዛሬን ተቀብላ ለነገ የምታኖር እሷ ናት። የጎተራ በር በሏት። የከሰሉ አየር የገደለው ያንን በር ነው። ከዚያ በፊት የገባው እህል አለ፤ ልጁን ያውቃል፣ እርስዎን ያውቃል። አዲስ ግን አይገባም።»

«እጁ ግን ዶክተር... አዲሱን መኪና እጁ ተማረው እኮ።»

«እጅ በሌላ በር ነው የሚማረው። ፍርሃትም የራሱ በር አለው። የእሱ አልተጎዳም።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ልጠይቅዎት፤ ጠዋት ጠዋት የልጁን ሞት የሚነግረው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ስንት ጊዜ ነገሩት?»

ጁሀራ ጣቶቿን አየች። «በየቀኑ» አለች። «አስራ አራት ወር።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ቃሉ አይቆይለትም፤ ሕመሙ ግን ይቆያል። አንጎሉ ያወቀው ይህን ነው፤ ይቺ ሴት ስትመጣ ሞት ይመጣል። ለምን እንደሆነ አያውቅም። አይጠላዎትም እኮ። ተምሮ ነው።»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች ጁሀራ። ይድን እንደሆነ ጠየቀችው። የተማረው አይፋቅም አላት፤ ግን በላዩ ላይ ሌላ መማር ይችላል፤ በየቀኑ ያለ መርዶ፣ በመልካም ነገር ከገባችለት፣ ከወራት በኋላ ገላው ሊያምናት ይችላል። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብነግረውስ?» አለችው። «አንዷ መርዶ ፍርሃቱን ሁሉ ትመልሳለች» አላት።

ወደ ሮቤ ሲመለሱ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው አረንጓዴ ነበር። ሻፊ ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ይጫወታል። ጁሀራ ከኋላ ወንበር ሆና ማጅራቱን እያየች መጣች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የተባለው ለሷ ነበር። ብትነግረው እሱ ይቃጠላል። ባትነግረው የእሷን ኃጢአት ማን ይሰማላታል? በዚያው ምሽት ሐጂ ማሜ ዘንድ ሄዳ፣ «ሐጂ፣ አፉ ያለኝ ሰው ማለቱን ካላወቀ፣ አፉ መባሌ ይጸናል?» አለቻቸው። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ እሱ ቢረሳ አላህ አይረሳም» አሏት። መልካም መልስ ነው። አንጀቷ ላይ ግን አልደረሰም። እሷ የምትፈልገው በየጠዋቱ ራሷ ላይ የሚያርፈውን ያን እጅ ነበር።

በነጋው ሻዩን ይዛ ገባች። ሻፊ ትከሻውን ሰበሰበ። «ፈርዶሳስ?» አላት።

«ዩኒቨርሲቲ ገባች» አለች።

«አለፈች?»

«አለፈች። ሕክምና ደረሳት።»

ሻፊ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። «አልሐምዱሊላህ። ያን ጥያቄ ሁሉ እንዴት ፈጥና ትመልሰው እንደነበር አላየሽም?» ብሎ እንባው መጣ። ጁሀራ ሳቀች፤ ሳቁ እንዳለቀ ጓዳ ገብታ ጨርቅ ነክሳ አነባች። ይህም በየቀኑ ሆነ። በየጠዋቱ ልጇን በገዛ አፏ ሐኪም አድርጋ ታስቀምጣታለች፤ የሞተችው ልጅ አደገች፣ ቀጭን ሆነች፣ ስልክ ደወለች፣ ለዒድ ትመጣለች። ከዚያ ጁሀራ ብቻዋን የመቃብሩን መንገድ ትይዛለች። ይቅር የሚላት የለም። ምሳ ቀረ፣ ራት ቀረ፣ ቀሚሷ ሰፋ። ይህች ሴት ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ብታወጣ ሸክሟ ለአንድ ቀን ይቀል ነበር፤ ስንት ጠዋት ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነክሳ መለሰችው! በስምንተኛው ወር አንድ ቀን፣ ሻዩን ይዛ ስትገባ ሻፊ ቀና ብሎ አያትና፣ ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት። እሷም ተቀመጠች። ትከሻው ትከሻዋን ነካ፣ አልሸሸም።

ያቺ ደስታ ለአርባ ቀን እንኳ አልዘለቀችም። በቀጣዩ ክረምት ሻፊን ሳንባ ምች ጣለው። ያ ከሰል ያደከመው ደረት መቋቋም አልቻለም፤ ጎባ በገቡ በአራተኛው ቀን ሐኪሞቹ ለዘመድ ንገሩ አሉ። ሐጂ ማሜ መጥተው ያሲን ቀሩለት። ከዚያ ወደ ጁሀራ ዞረው፣ «ባልና ሚስት ሆናችሁ ኖራችኋል። አፉ ተባባሉ» ብለው ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አሉ።

ኡሙሰልማ የጁሀራን ክንድ ይዛ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለች። ያን ሁሉ ወር ስታልቅ ያየቻት እሷ ናት። «ንገሪው» አለቻት። «አሁን ንገሪውና አፉ ይበልሽ። ዛሬ ቢልሽ የሚረሳበት ነገ የለውም። አፉ እንዳለሽ ይሄዳል። የባልሽ እህት ሆኜ ነው የምልሽ፤ ንገሪው።»

ጁሀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻፊ ዓይኑን ገለጠ። «ሃደ ፈርዶሳ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «የበደልኩሽ ካለ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሃለሁ። አልበደልከኝም።»

«አንቺም ንገሪኝ» አለ። «ያጠፋሽው ካለ ንገሪኝና አፉ ልበልሽ።»

ቃሉ እዚያው ምላሷ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል የተሸከመችው፣ አንድ ትንፋሽ የማይፈጅ ቃል። ብትናገረው እጁ ራሷ ላይ ያርፋል፤ ይህኛው ይቅርታ ለዘላለም ይጸናል። ግን ያ እጅ ከመነሳቱ በፊት ልጁ አንዴ ደግሞ ትሞትበታለች፤ እሱም በዚያ ጩኸት ውስጥ ይሄዳል፣ እሷን እየፈራ ይሄዳል። ኡሙሰልማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትጠብቃለች።

«ምንም የለም» አለች ጁሀራ። «ምንም አላጠፋሁም።»

ሻፊ ራሱን ነቀነቀ፤ ያመናት ይመስላል። «ታዲያ እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«በርዶኝ ነው።»

እጇን ይዞ ወደ ብርድ ልብሱ ሥር አስገባና ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘላት። «ልጅቷስ?» አለ። «መንገድ ላይ ናት፣ እየደረሰች ነው» አለችው። እጇን እንደያዘ፣ ሳይሸሻት፣ የዐስር አዛን ሳይሰማ ሄደ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሰው ሁሉ ቀደር ነው ይላል። ልክ ነው። ግን ቀደር ለአንዱ መርሳትን ሲሰጥ ለሌላው ማስታወስን ለምን ይሰጣል? ባል በየቀኑ ይቅር ብሎ በየቀኑ ረሳ፤ ሚስት አንዲት የሐምሌ ከሰዓት እንኳ መርሳት አልተፈቀደላትም። ከሁለቱ ማን ተቀጣ፣ ማንስ ተማረ? የሚያውቅ አንድ አላህ ነው። ጁሀራ ዛሬም ሮቤ አለች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች አፋቸው አያርፍምና፣ ባልሽ አፉ ብሎሽ ሄደ ወይ ብለው ጠየቋት።

«አፉ የሚለኝ ነገር አጥቶ ሄደ» አለቻቸው።